ሳይፈተል የተነከረ

እትዬ ቀለም ቀለም አልቆጠረችም። ይህን ቀልድ መጀመሪያ ማን እንደቀለደው የሚያስታውስ የለም፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ግን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ የማያውቀው አልነበረም። ስሙ የወጣላት በእጆቿ ምክንያት ነው። ሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ ሰማያዊ፣ ዓርብ ቡናማ ሆነው ቤት የሚገቡ እጆች ነበሯት፤ በሳሙና ቢፈተጉ፣ በአሸዋ ቢታሹ ወይ ፍንክች! ትምህርት ቤት ደግሞ አጥሩን አልፋ አታውቅም። መዝገብ ላይ ፈርሚ ስትባል በአውራ ጣቷ ታትማለች። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ የቀለም ሳጥኑን ልታቀርብላት ስትል «ተይው፣ የራሴን ይዤ መጥቻለሁ» ብላ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ትጫነዋለች። እውነትም አሻራዋ ቁልጭ ብሎ ይወጣ ነበር ይላሉ።

ዛሬ ስድሳዋን አልፋለች፤ እጇም ከጠራ ቆይቷል። አንዳንዴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ስታገላብጥ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስላታል።

ፋብሪካው የገባችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ለማጠቢያ ክፍል ነበር። ከበጎች ጀርባ ተሸልቶ የመጣውን ፀጉር፣ ቅባቱንና ጭቃውን በሞቀ ውኃ ማስለቀቅ ነው ሥራው። ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሁለት ወር እንደሠራች የማቅለሚያው ክፍል ዋና ነካሪ በማጠቢያው በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው አዩዋት። ሌሎቹ ፀጉሩን እንደ ልብስ ያሹታል፤ እሷ ግን ውኃው ውስጥ ለቃው በመዳፏ ቀስ ብላ ትገፋዋለች።

«ማን አሳየሽ?» አሏት።

«ማንም። ሲያሹት ሲቋጠር አየሁ።»

በማግስቱ ወደ እሳቸው ክፍል ተዛወረች። ሰውየው አባ ሙቀት ይባላሉ። የገንዳ ሙቀት የሚለኩት በክርናቸው ነበር። ክርናቸውን ውኃው ላይ ነካ ያደርጉና «ትንሽ ይቀረዋል» ወይም «አሁን» ይላሉ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መለኪያ ሄዶ ያየ ሰው እሳቸው ተሳስተው አግኝቷቸው አያውቅም።

የማቅለሚያው ክፍል እንዴት ያለ ቦታ ነበር! ሠራተኛው «ጋኖቹ» የሚላቸው ሦስት ትልልቅ የመዳብ ገንዳዎች በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ሰው ይውጣሉ። ጠዋት እንፋሎቱ ሲነሣ ከወገብ በላይ የሚታይ የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። «ዲዬ አምጡ!» ይላል አንዱ። «የትኛውን ዲዬ?» ይላል ሌላው። ዲዬ ማለት በርሜል ውስጥ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣው የቀለም ዱቄት ነው። ስሙን ያወጣው መጋዘን ያዡ ነው፤ በርሜሉ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እሱ ነበር አንብቦ የነገራቸው። ያለቀለት ውኃ በቦይ ወጥቶ በሰፈሩ መሐል ያልፋል። እናቶች ልጆቻቸውን «ቦዩ ዛሬ ቀይ ነው፣ እንዳትገቡበት» ብለው ይጣራሉ። እትዬ ቀለም እስከ ዛሬ የሰፈሩን ሰው ስታስታውስ በቀለም ነው የምታስታውሰው፦ እከሌ የታመመው ቦዩ አረንጓዴ የነበረ ጊዜ፣ እከሊት የተዳረችው በቡናማው ሳምንት።

አባ ሙቀት አንድ የማይደራደሩበት ነገር ነበራቸው። የሚነከረው ክር ወይም ጨርቅ ሳይሆን ያልተፈተለው ፀጉር መሆን አለበት። ሥራው ረጅም ነው። ፀጉሩ ተበታትኖ ይገባል፤ ውኃው ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ማማሰያው ከተቸኮለበት ፀጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቁራሽ ምንጣፍ ይሆናል። ከዚያ ማድረቅ፣ ማበጠር፣ መፍተል ገና ይቀራል።

«ለምን እንደዚህ እንደምንለፋ ታውቂያለሽ?» አሏት አንድ ቀን። «ይህ ብርድ ልብስ ሕፃን ይጠቀለልበታል። ሕፃኑ ያድግና አግብቶ ይወስደዋል። ልጁን ይጠቀልልበታል። ያኔ ቀዩ ቀይ ካልሆነ እኛ ምን ሠራን?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራቸው ሠራች። በዚህ መሐል አገባች፤ ወለደች፤ ልጅቷ ሳትራመድ ባሏ ሞተባት። ጥቁር ለብሳ ወደ ሥራ የተመለሰች ቀን አባ ሙቀት ማማሰያውን ሰጧትና እሳቸው ከጋኑ ማዶ ቆሙ። ያን ቀን የነከሩት ቢጫ ነበር። እስኪወጣ ድረስ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

አባ ሙቀት ያረፉት ሥራ ላይ ነው። የምሳ ዕረፍት ላይ ጥግ ከተከመረው የደረቀ ፀጉር ላይ ጋደም ማለት ልማዳቸው ነበር። ደወሉ ሲደወል እትዬ ቀለም ልትቀሰቅሳቸው ሄደች። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ አንድ እጃቸው ቀዩ ፀጉር ውስጥ እስከ ክርናቸው ገብቷል። ትከሻቸውን ነካች። ከዚያ ሰው እስኪመጣ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ከአራት ወር በኋላ አዲሱ ማሽን መጣ። የተሸመነ ጨርቅ በአንድ በኩል ነጭ ጥቅል ሆኖ ይገባል፤ በሌላው በኩል ቀለም ይዞ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ነገር በአንድ ፈረቃ! ማሽኑን ሊተክል አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አብሮ መጣ። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ጆሮው የቀላ ሰው ነው። ከሥራ አስኪያጁ በቀር ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ ስለሌለ ከሠራተኛው ጋር የሚነጋገረው በእጁና በቅንድቡ ነበር።

መሐንዲሱ ከሁሉ በፊት አሮጌውን ክፍል ልይ አለ። ከመደርደሪያ አንድ ቀይ ብርድ ልብስ አነሣ፤ ከጠርዙ ክር መዘዘ፤ ክሩን በጥፍሩ ፈትቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። ነጭ መሐረብ በምራቁ አርሶ አሸው። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀና ብሎ እትዬ ቀለምን አያት፤ እጆቿንም አየ።

ሥራ አስኪያጁ «በአዲሱ ማሽን ጨርቁን እንዴት እንደምናቀልም ሊያሳይሽ ይፈልጋል» አላት።

«ጨርቅ አይነከርም» አለች።

«እንዴት አይነከርም? ማሽኑ እኮ የተሠራው ለዚያ ነው።»

«ያ መቀባት ነው፣ መንከር አይደለም። የሚነከረው ፀጉሩ ነው። እንደዚያ ብለው ይንገሩልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ እየተሳቀቀ ተረጎመ። መሐንዲሱ ሳቁ ከሆዱ ወጣ። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ «ዳይድ ኢን ዘ ዉል!» አለ፤ ደግሞም «ዳይድ ኢን ዘ ዉል!» እያለ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ሥራ አስኪያጁም ተከትሎት ሮጠ።

ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ተያዩ። እትዬ ቀለም ከዚያ ሁሉ ያወቀችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም አስደነገጣት።

«ውል ነው ያለው? የሥራ ውሌን ሊያፈርስ ነው?»

መጋዘን ያዡ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይህ ሰው መዝገበ ቃላት ይባላል። እርሳስ ከጆሮው ኋላ አይጠፋም፤ የዕቃ ወረቀቱን ሁሉ የሚያነበው እሱ ነው። ፋብሪካው ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከተነገረ ትርጉሙ የሚጠየቀው ከእሱ ነው፤ አላውቅም ብሎ ደግሞ አያውቅም።

«የለም፣ የለም» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ዉል በእነሱ ሱፍ ነው።»

«እሺ፣ ዳይዱስ?»

መዝገበ ቃላት እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፤ መልሶ ሰካ። «ዳይድ… ሞተ ማለት ነው።»

«ሱፍ ሞተ?» አለ አንዱ።

«በሱፍ ውስጥ የሞተ። ወይም… የሞተች።» የመጨረሻዋን ቃል ዝቅ አድርጎ ነው ያላት።

ሁሉም ዐይኑን ወደዚያ ጥግ ላከ። አባ ሙቀት እንዴት እንዳረፉ ለመሐንዲሱ ነግረውት ነበር፤ በክብር ነው የነገሩት። እትዬ ቀለም ፊቷ ተለዋወጠ። እሳቸውን አላወቃቸውም፤ በሳቸው ሞት ሳቀ፤ አንቺም እንደሳቸው እዚሁ ትሞቻለሽ አለኝ ብላ አሰበች። ማንንም አልተቆጣችም። ማማሰያዋን አነሣችና ወደ ጋኑ ዞረች።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ፊቱ በርቷል። «ሰውየው አንቺን ካልሆነ ማንንም አልፈልግም ብሏል። የአዲሱ ማቅለሚያ ኃላፊ ትሆኛለሽ። የፊደሉን ነገር ሌላ ሰው ያግዝሻል። ዐይንሽን ነው የፈለገው፣ ዐይኗ አይገኝም ነው ያለኝ።»

«አልፈልግም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሙት ብሎ የጠራኝ ሰው ማሽን ላይ አልቆምም።»

ሥራ አስኪያጁ ምን እንደምትል አልገባውም። ለማስረዳትም አልሞከረችም። ግትር ሴት ናት ብሎ ተወው። ኃላፊነቱን ከእሷ በኋላ የተቀጠረ ጎበዝ ወጣት ወሰደው። መሐንዲሱ ሊሄድ ሲል በማቅለሚያው ክፍል በኩል አለፈና እጁን ዘረጋላት፤ እጄ ቀለም ነው ብላ ከኋላዋ ደበቀችው። ትንሽ ቆሞ አያት፤ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

ጋኖቹ ሦስት ዓመት ያህል ቆዩ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ቀን በመጋዝ ቆርጠው፣ ቁርጥራጩን በጭነት መኪና ወሰዱት። እትዬ ቀለም ወደ ማጠፊያ ክፍል ተዛወረች። ብርድ ልብሱ ይመጣል፤ አራት ቦታ ይታጠፋል፤ ወረቀት ይደረግበታል፤ ይሄዳል። አሥራ አራት ዓመት አጠፈች። መጀመሪያ እጆቿ ጠሩ። ከዚያ ጥፍሮቿ ሥር የነበረው ሰማያዊ ሄደ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ለምን እትዬ ቀለም እንደምትባል ይጠይቁ ጀመር፤ ጡረታ ስትወጣ ግን መጠየቁም ቀርቶ ነበር።

ስለዚያ ቀን ለልጇ ነግራት አታውቅም። ምን ብላ ትነግራታለች?

ልጅቷ አደገች፤ ተማረች፤ እናቷ አጥሩን ያላለፈችበት ዓይነት ትምህርት ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደብተሯንና መጽሐፏን ዘርግታ ለሰኞ ትዘጋጃለች፤ እናት ከጠረጴዛው ማዶ ድንች ትልጣለች። ልጅቷ ስትዘጋጅ ጮክ ብላ ማንበብ ትወዳለች፤ እናት ባይገባትም ድምፁ ደስ ይላታል።

«ሰኞ ጥምር ቅጽል ነው የማስተምራቸው» አለች ልጅቷ። «ሁለት ሦስት ቃል በትንንሽ ሰረዝ እያያዙ አንድ ቅጽል ያደርጉታል። ይሄ ደግሞ አራት ቃል ነው፤ ዳይድ-ኢን-ዘ-ዉል።»

ቢላው ቆመ።

«እሱን ድገሚው።»

«ዳይድ-ኢን-ዘ-ዉል። ምነው እማዬ?»

«ሞተች ማለት ነው አይደል? በሱፍ ውስጥ የሞተች።»

ልጅቷ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የእናቷን ፊት ስታይ ዘጋችው። «ማነው እንደዚያ ያለሽ?»

«ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም። እይ፣ ዳይድ ሁለት ነው። አጠራሩ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ግን ይለያያል። በአይ ፊደል ሲጻፍ ሞተ ነው። በዋይ ሲጻፍ ተነከረ፣ ቀለም ገባ። ይሄ በዋይ ነው።» እርሳሷን ደብተሩ ላይ አሳረፈች። እትዬ ቀለም ፊደሉን ባታውቀውም ጎንበስ ብላ አየችው፤ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው እንጨት ይመስላል። «ሱፍ ሳለ የተነከረ ማለት ነው። ሳይፈተል፣ ሳይሸመን በፊት። ለሰው ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የገባው፣ ምንም ቢያደርጉት የማይለቀው ሰው ማለት ነው። እንዲያውም…»

«ለምን እንደዚያ ተባለ? ጽፈውታል?»

ልጅቷ ከመጽሐፉ አነበበች። «ጥንት ነው ይላል፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት። የሱፍ ሠራተኞች ቃል ነው። ከመፈተሉ በፊት የተነከረ ሱፍ ቀለሙ ስለማይለቅ ነው።»

«ለምን አይለቅም?»

«እሱን አይልም።»

እትዬ ቀለም እጇን በጉልበቷ ላይ ጠረገችና ተነሣች። ከመኝታ ቤት ሁለት ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች፤ አንዱ የአባ ሙቀት ዘመን ቀይ ነው፤ ሌላው የማሽኑ። ከሁለቱም ክር መዘዘች። የማሽኑን ክር በጥፍሯ ስትፈታው መሐሉ ፈዞ ታየ፤ ክሩ ሲከር በጠበቀበት ቦታ ቀለሙ አልዘለቀም። የቀዩን ስትፈታው ግን አንድ አንዷ ፀጉር ለብቻዋ ቀይ ነበረች፤ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አሳየቻት።

«ፀጉሩ ብቻውን ሳለ ነው የጠጣው። ወዳጅ ሳያገኝ፣ ሳይከር። በኋላ የፈለግሽውን አድርጊው፣ ፍተዪው፣ ቅደጂው፣ ስንጥቁም ያው ቀይ ነው። ጻፊው። ይሄን ካልጻፍሽ ለልጆቹ ምኑን አስተማርሻቸው?»

ልጅቷ ጻፈች። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ «አሁን ንገሪኝ» አለቻት፤ እናትም ነገረቻት። ጆሮው የቀላውን መሐንዲስ፣ መሐረቡን፣ ከኋላዋ የደበቀችውን እጅ፣ ሁሉንም።

«ሙገሳ ነው እንግዲህ?» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ እናቷን መዋሸት አትወድም። «ሙገሳ ነው። ትንሽ ደግሞ ግትር ናት ማለትም አለበት።»

«እሱስ ነኝ» አለች እትዬ ቀለም። ከዚያ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ድንቹ በውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት መዝገበ ቃላት ቤት ሄደች። ጡረታ ወጥቶ ከእህቱ ጋር ይኖራል፤ በረንዳ ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጋዜጣ ያነባል። ሲያያት ደስ ብሎት ወንበር ሳበላት።

አልተቀመጠችም። «በርሜሉ ላይ የተጻፈው ምን ነበር?»

«የቱ በርሜል?»

«ዲዬ እያልክ ያስጠራኸን።»

መዝገበ ቃላት ጋዜጣውን ቀስ ብሎ አጠፈው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ዳይ ነው» አለ። «ዲዬ አይደለም። አነባበቡን አላውቅም ነበር። ቀለም ማለት ነው። ሰውየው ዳይድ ሲል የማውቀው ሞተ የሚለውን ብቻ ነበር።»

«መቼ አወቅህ?»

መነጽሩን መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«መቼ አወቅህ ነው የምልህ!»

«ጋኖቹ በተቆረጡ በዓመቱ» አለ። «ከውጭ የብርድ ልብስ ናሙና መጽሐፍ መጣ። ከሥዕሉ ሥር ያ የተባልሽው ነገር ተጽፎ አየሁ። በዋይ ነው የተጻፈው። ከዚያ በርሜሉን አየሁ፤ ያው ፊደል ነው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ።»

«እና?»

«በየቀኑ በማጠፊያው በር ሳልፍ አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ዛሬ፣ ነገ እያልኩ… አንቺ ደግሞ አንገትሽን ደፍተሽ ታጥፊያለሽ። እጅሽ ነጥቶ ሳየው ጭራሽ ፈራሁ። ምን ብዬ ልንገርሽ? መዝገበ ቃላት እያላችሁ ትጠሩኝ ነበር እኮ።»

እህቱ ሻይ ይዛ ብቅ አለች። እትዬ ቀለም «አልጠጣም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። መንገድ ላይ የምታገኘውን ሰው ሰላም ሳትል ቤቷ ገባች። አሥራ ሦስት ዓመት በዚያ በር ሲያልፍ! አላወቀም ብትል ትተወው ነበር፤ ያልተወላት ማወቁ ነው። አንድ ሳምንት ከደጃፏ አልወጣችም። ቀን ቀን እንደ ድሮው እንፋሎቱ ይታያታል፤ ማዶ የቆሙት ሽማግሌ ክርናቸውን ውኃው ላይ ነካ ሲያደርጉ ይታያታል። ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣባታል። ማሽኑን ተቀብላ ቢሆን ኖሮ እነዚያን የመጨረሻ ሦስት ዓመታት ከጋኖቹ ጋር አታሳልፍም ነበር። የመጨረሻውን ሰማያዊ ያወጣችው እሷ ናት፤ ከእሷ በኋላ ማንም አልነከረባቸውም። ይህን ስታስብ ንዴቷ እንዳለ ሆኖ ከጎኑ ሌላ ነገር ይቀመጣል። ስሙን አታውቀውም።

ሐሳቡን ያመጣችው ልጅቷ ናት። «ልጆቹ ክሩን ሳሳያቸው አላመኑኝም። መጥተሽ ንከሪላቸው» አለቻት።

«እኔ? ትምህርት ቤት?»

«አዎ፣ አንቺ።»

ለሁለት ሳምንት ስታጉረመርም ከረመች፤ እያጉረመረመች ግን ዕቃውን ሰበሰበች። ትልቅ ድስት ተዋሰች። ያልተፈተለ የበግ ፀጉር ከአንድ ነጋዴ አግኝታ ደጃፏ ላይ አጠበችው፤ ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ አለፈ። በተባለው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር እሳት ተቀጣጠለ። አርባ ተማሪ ዙሪያውን ቆመ። ልጇ «ይህች እናቴ ናት። ዛሬ የምታስተምራችሁ እሷ ናት» ብላ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

እትዬ ቀለም ውኃውን አየች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ክርኗን ነካ አደረገች። «ትንሽ ይቀረዋል» አለች።

ፀጉሩ ገብቶ ማማሰል እንደጀመረች አጥሩን ተደግፎ የቆመ ሰው አየች። መዝገበ ቃላት ነው፤ ኮት ለብሷል። ማን ነገረው ብላ ልጇን ገላመጥ ስታደርጋት ልጅቷ ወደ ሰማይ አየች።

ማማሰያው ከባድ ነው፤ ትከሻዋም የድሮው አይደለም። ሁለት ዙር አዞረችና «ቆመህ ምን ታያለህ?» አለች ቀና ሳትል። «ና ያዝ!»

መዝገበ ቃላት ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና መጥቶ ያዘ።

«ቀስ! ገንፎ አይደለም የምታገነፋው። ትጣበቅብኛለች።»

«እንደዚህ?»

«ከዚያም ቀስ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። አንዲት ፊት ለፊት የቆመች፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ አስተማሪያችን አዲስ ማሽን መጥቶ ነበር ብላናለች። ለምን አልወሰዱትም?»

እትዬ ቀለም መልስ አልሰጠችም። አገጯን ወደ መዝገበ ቃላት ቀሰረች። «እሱን ጠይቂው። እሱ ያውቃል።»

ማማሰያው ቆመ። መዝገበ ቃላት ፊቱ በእንፋሎቱ ይሁን በሌላ ቀልቷል። አርባ ዐይን፣ ኧረ ሰማንያ፣ ያየዋል። ከዚያ ነገራቸው። በርሜሉ ላይ ዳይ የሚለውን ዲዬ ብሎ እንዳነበበ፤ አርባ ሠራተኛ በእሱ የተነሣ ሃያ ዓመት ዲዬ ሲል እንደኖረ፤ አንድ ፊደል አሳስቶ ሰው በቁሙ እንደገደለ፤ ካወቀም በኋላ ፈርቶ ዝም እንዳለ። ቀልድ አላስገባበትም፤ ምክንያት አላበዛም። ዲዬ ሲል ግን ልጆቹ አልቻሉም፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ዲዬ! ዲዬ!» ይላሉ እየተጣሩ። እትዬ ቀለም ከንፈሯን ነከሰች፤ ነከሰች፤ በመጨረሻ እሷም ለቀቀችው። ዐይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀች፤ የሳቁ እንባ ከየትኛው ጋር እንደተቀላቀለ ልጇ ብቻ ሳታውቅ አትቀርም።

«እሳቱን ቀንሱ» አለች ዐይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «አንተም አታቁም፣ አማስል።»

ቀትር ላይ ፀጉሩ ወጣ። ውኃው ከላይ ጠርቶ ነበር፤ ቀለሙን ፀጉሩ ጠጥቶታል። ተማሪዎቹ እፍኝ እፍኝ እየያዙ አጥሩ ላይ አሰጡት፤ የሁሉም እጅ ቀይ ሆነ። ጠያቂዋ ልጅ መዳፏን ለጓደኞቿ እያሳየች «በምን ይለቃል?» ትላለች።

«በጊዜ» አለቻት እትዬ ቀለም።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ ሁለቱ ከዛፉ ሥር ቀሩ። የልጇ ድምፅ በመስኮቱ ይሰማል፤ አራቱን ቃላት አንድ በአንድ ታስጠራቸዋለች፤ አርባው ልጅ ይደግማል። መዝገበ ቃላት አጥሩ ላይ የተሰጣውን ፀጉር ሲያይ ቆየና «ትንሽ ወደ ብርቱካናማ አልሄደም?» አለ።

«ሲደርቅ ይወርዳል» አለች። «መቼ ነው አንተ ቀለም ማየት የጀመርከው?»

«ጥያቄ ነው የጠየቅሁት።»

«ቁጭ በል። እስኪደርቅ እንጠብቃለን።»

የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠ።